ከጅማ ተነስቶ የኮሌጅ ሴቶች ቀዘፋ አሰልጣኝ ለመሆን

ጅማ ላይ ስፖርት ሳይንስ የምትማሪ ከሆንሽ፣ ወይም ተመርቀሽ ሥራ እየፈለግሽ ከሆነ፣ ወይም ደግሞ የሰፈር ልጆችን ሰብስበሽ ቮሊቦል እያሠራሽ «ይሄ ነገር እኮ እንጀራዬ ሊሆን ይችላል» ማለት ከጀመርሽ፣ ይህን የጻፍኩት ላንቺ ነው። ወንዶችም አንብቡት፣ አብዛኛው እናንተንም ይመለከታል።

የማወራው ስለ ኮሌጅ ሴቶች የጀልባ ቀዘፋ አሰልጣኝነት ነው። እኛ አገር ስሙ ብዙም አይነሳም። አሜሪካ ውስጥ ግን ደሞዝ፣ ቢሮ፣ ረዳትና በጀት ያለው ሙሉ ሙያ ነው። ቀረብ ስንል ደግሞ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ እንደ ፕሪቶሪያ፣ ኬፕታውንና ሮድስ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች የቀዘፋ ክለብ አላቸው። ፖርት አልፍሬድ በምትባል ከተማ፣ ኮዊ ወንዝ ላይ እየተገናኙ ይወዳደራሉ፤ ሴቶችም ወንዶችም።

«ጅማ ላይ ምን ሐይቅ አለና?» ትይኝ ይሆናል። ልክ ነሽ። ግን ሥራውን ቀረብ ብለሽ ስታዪው ውሃ ላይ የሚያልፈው ሰዓት ከቀኑ ትንሹ ክፍል ነው። ዋናው ሥራ መቅዘፊያ ነክታ የማታውቅ የ18 ዓመት ልጅ ተቀብሎ፣ ከሌሎች ሰባት ልጆች ጋር እኩል እንድትስብ ማድረግ ነው። ብዙ የአሜሪካ ኮሌጆች ቡድናቸውን የሚሞሉት እንዲህ ባሉ ጀማሪዎች ጭምር ነው፤ ከዋና፣ ከቅርጫት ኳስ፣ ከሩጫ የመጡ ልጆች ናቸው። የኡጋንዳዋ ካትሊን ኖብል ዋናተኛ ነበረች። ቀዘፋ የጀመረችው ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ከገባች በኋላ ነው፤ ከዚያ በቶኪዮ ኦሊምፒክ አገሯን ወክላ ቀዘፈች። ጀማሪን ማሳደግ የሚችል አሰልጣኝ ሁሌም ይፈለጋል፣ ይህን ችሎታ ደግሞ ጅማ ላይ ሆነሽ መገንባት ትችያለሽ።

መጀመሪያ ስፖርቱን እወቂው

ቀዛፊዎች ጀርባቸውን ለሚሄዱበት አቅጣጫ ሰጥተው ነው የሚቀመጡት። መቀመጫው በሐዲድ ላይ ይንሸራተታል፤ ስለዚህ ዋናው ጉልበት የሚመጣው ከእግር ነው። ቅደም ተከተሉ እግር፣ ከወገብ በላይ፣ ክንድ ነው። ስትመለሺ ደግሞ ተገልብጦ ክንድ፣ ከወገብ በላይ፣ እግር። ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ እግሯ ገፍቶ ሳይጨርስ በክንዷ መሳብ ትጀምራለች። ይህን ስህተት ከጎን ቆመሽ በአንድ እይታ መለየት ከቻልሽ አሰልጣኝነትን ጀምረሻል።

የኮሌጅ ሴቶች ዋናዋ ጀልባ ስምንት ቀዛፊና አንድ መሪ ትይዛለች። ርዝመቷ ከ17 ሜትር ይበልጣል፣ በዓለም አቀፉ ሕግ ደግሞ ክብደቷ ከ96 ኪሎ ማነስ የለበትም። እያንዳንዷ ቀዛፊ አንድ መቅዘፊያ ብቻ ትይዛለች፤ አራቱ በግራ፣ አራቱ በቀኝ። መሪዋ ኮክስ ትባላለች። ወደፊት የምታየው እሷ ብቻ ናት፤ ጀልባዋን ታቀናለች፣ ምት ትቆጣጠራለች፣ ውድድሩ ሲከብድ ምን መደረግ እንዳለበት ትናገራለች። በዓለም አቀፉ ሕግ ለኮክስ የተቀመጠው ዝቅተኛ ክብደት 55 ኪሎ ነው። ቁመቴ አጭር ነው ብለሽ ከመንገድ እንዳትመለሺ የምለው ለዚህ ነው። ከኮክስነት ወደ አሰልጣኝነት ያደጉ ብዙ ናቸው፤ ሲወዳደሩ የኖሩት የቡድናቸውን እንቅስቃሴ እየተከታተሉና እያረሙ ነውና።

በጸደይ ውድድሩ ቀጥ ባለ ውሃ ላይ 2,000 ሜትር ነው። ጥሩ የኮሌጅ ቡድን ውሃው ሰላም ከሆነ ከ6 ደቂቃ ተኩል በታች ይጨርሳል። በእነሱ መኸር ደግሞ ወንዝ ላይ ወደ 5 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ረጅም ውድድር አለ፤ ቦስተን ላይ በቻርልስ ወንዝ የሚደረገው ከ1965 ጀምሮ የነበረ ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ሥራው ከየት መጣ?

ይህን ሳታውቂ ለሥራ ብታመለክቺ ቃለ መጠይቅ ላይ ያስታውቅብሻል። በ1972 አሜሪካ ውስጥ ታይትል ናይን የሚባል ሕግ ወጣ። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል የትምህርት ተቋም በጾታ ማዳላት አይችልም ይላል። ትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች የአሜሪካ ፉትቦል ቡድናቸው ብቻ ከ100 በላይ ወንዶች ይይዛል። ያንን ለማመጣጠን ብዙ ሴቶችን በአንዴ የሚያስገባ ስፖርት አስፈለጋቸው። አንዲት ጀልባ ዘጠኝ ሰው ትወስዳለች፤ ቀዘፋ የተስፋፋው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው። የኮሌጅ ስፖርትን የሚመራው ኤንሲኤኤ በ1997 የሴቶች ቀዘፋ ሻምፒዮና ጀመረ፣ የመጀመሪያውንም ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ወሰደ። የወንዶቹ ቀዘፋ እስከ ዛሬ በኤንሲኤኤ ሥር አይደለም።

ሕግ ወጣ ማለት ግን ነገር ተስተካከለ ማለት አልነበረም። የየል ዩኒቨርሲቲ ሴት ቀዛፊዎች ወንዝ ዳር መታጠቢያ ስላልነበራቸው፣ ወንዶቹ ታጥበው እስኪወጡ በዚያ ብርድ የረጠበ ልብሳቸውን እንደለበሱ አውቶቡስ ውስጥ ይጠብቁ ነበር። በ1976፣ 19 ሆነው አንድ ኃላፊ ቢሮ ገብተው ልብሳቸውን አወለቁ። ገላቸው ላይ የሕጉ ስም ተጽፎ ነበር። አምበላቸው ክሪስ ኧርነስት መግለጫ አነበበች፣ ጋዜጦች ዘገቡት፣ በኋላም መታጠቢያው ተሠራ።

እኔ ይህን ታሪክ የማነሳው ለሥራሽ ስለሚጠቅምሽ ነው። የሴቶች ቡድን ስትረከቢ የመጀመሪያው ጥያቄሽ ስለ ጀልባው መሆን የለበትም። ልጆቹ የት ነው ልብስ የሚቀይሩት? መጸዳጃው ይቆለፋል ወይ? ውሃ አለ? የወር አበባ ላይ ያለች ልጅ የት ትገባለች? ሜዳው ጅማም ይሁን ሲያትል ይህ ካልተመለሰ ልጆቹ አንድ በአንድ ይቀራሉ፣ ለምን እንደቀሩም አይነግሩሽም።

ሌላም ነገር አለ። ከዚያ ሕግ በፊት የኮሌጅ ሴቶችን ከሚያሰለጥኑት ከ90 በመቶ በላይ ሴቶች ነበሩ። ደሞዙ ሲያድግ ወንዶች ገቡበት፣ የሴቶቹ ድርሻ ከግማሽ በታች ወረደ። እኛም ጋ የሴቶች ቡድን ዳር ቆሞ የሚያዝዘው ብዙ ጊዜ ወንድ ነው። መሠረት ማኒ ድሬዳዋ ከተማን በወንዶች ፕሪሚየር ሊግ ባሰለጠነችበት አገር፣ «ሴት አሰልጣኝ ልሁን» ማለት ፈቃድ የሚጠየቅበት ነገር ሊሆን አይገባም።

ጅማ ላይ የሚጀመረው

ልጆች ሰብስቢ። ስምንት ካገኘሽ ደስ ይላል፣ አራትም ይበቃል። ቮሊቦልና ቅርጫት ኳስ የሚጫወቱትን፣ እንዲሁም «ስፖርት አይሆነኝም» ብለው ዳር የተቀመጡትን ረጃጅም ልጆች አናግሪ። ዋናው ግቢ፣ ግብርና ኮሌጅ፣ ኪቶ ፉርዲሳ፣ የትም ይሁን ሜዳና ደረጃ አለ። ጀልባ የለንም ብለሽ እንዳትሸማቀቂ፤ ብርድ በሚበረታባቸው አገሮች ያሉ ቀዛፊዎችም የብርዱን ወራት በአብዛኛው የሚያሳልፉት በጂምና በሩጫ ነው።

ሰዓት ላይ ግን አደራ። አሜሪካ ውስጥ ልምምድ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል አካባቢ ይጀምራል፣ ውሃው ጸጥ የሚለው ያኔ ስለሆነና ልጆቹ ክፍል ስለሚገቡ። ጅማ ላይ ይህን አትኮርጂ። በጨለማ ልጅ አስጠርተሽ፣ ባጃጅ ሳይኖር፣ ጅብ ባልገባበት ሰዓት ብቻዋን ታስመጫታለሽ? ሲነጋ ጀምሪ፣ ከአንድ ሰፈር የሚመጡትን አብረው እንዲመጡ አድርጊ። ቤተሰቦቻቸውንም ራስሽ ሄደሽ ተዋወቂ። እናትየዋ ቡና አፍልተው «ልጄን የት ነው የምትወስጃት?» ብለው ሲጠይቁሽ ተረጋግተሽ መመለስ ከቻልሽ፣ ነገ አሜሪካ ውስጥ ልጁን ወደ ኮሌጅሽ ለመላክ የሚያመነታ ወላጅ ፊትም አትጨነቂም። ምልመላ የሚሉት ሥራ ዋናው ይኸው ነው።

በሳምንት ሁለት ቀን ጉልበት፣ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ቀስ ያለ ረጅም ሩጫ ወይም ደረጃ መውጣት በቂ ነው። የጉልበቱ ቀን ስኳት (ቁጭ ብድግ)፣ ክብደት ከመሬት ማንሳት፣ ፕላንክ (በክርን ተደግፎ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ መቆየት)፣ ከላይ ወደ ታች መሳብ ይኑረው። ቀዛፊን ከሁሉ በላይ የሚያስቸግረው የታችኛው ጀርባ ነው፣ ቀጥሎ የጎድን አጥንት ስንጥቅ ይመጣል። ስለዚህ ልጅቷ ጀርባዋን ቀጥ አድርጋ ከዳሌዋ ማጎንበስ ሳትለምድ ክብደት አትጨምሪባት። ለዚህ ሳምንታት ብታጠፊ አልጠፋም።

የቀዘፋ ማሽን ያለው ጂም ካገኘሽ ከባለቤቱ ጋር ተነጋግረሽ ሰው በማይበዛበት ሰዓት ተጠቀሚ። በኮሌጆቹ የሚታወቀው ኮንሴፕት ቱ የሚባለው ነው፣ ከ1981 ጀምሮ ያለ። ቁጥሩን ማንበብ ልመጂ። ስክሪኑ ላይ የሚታየው ለ500 ሜትር የሚፈጀው ጊዜ ነው፤ 2 ደቂቃ ላይ ከጸናሽ 2,000 ሜትሩን በ8 ደቂቃ ትጨርሻለሽ፣ በ1 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ከሄድሽ በ7 ደቂቃ ከ20። ጠንካራ ኮሌጆች ዓይናቸውን የሚጥሉት ከ7 ደቂቃ ተኩል በታች በሚጨርሱት ላይ ነው። ጀማሪዎችሽ 9 ደቂቃ ቢያመጡ አትደንግጪ፣ አንቺ የምትመዘግቢው መሻሻላቸውን ነው።

አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ልንገርሽ። ማሽኑ ጎን ላይ ከ1 እስከ 10 ቁጥር ያለው ማንሻ አለ፤ ጂም ውስጥ ሁሉም 10 ላይ አድርጎ ይታገላል። ማንሻው የአየር መግቢያውን ነው የሚያሰፋው። ጅማ ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች አየሩ ሳሳ ይላል፣ ስለዚህ ያው ቁጥር ባሕር ወለል ላይ ካለ ከተማ ይልቅ እዚህ ይቀልላል። ትክክለኛው መለኪያ ስክሪኑ ውስጥ ገብተሽ የምታገኚው ድራግ ፋክተር፣ ማለትም አየሩ ምን ያህል እንደሚቋቋምሽ የሚያሳየው ቁጥር ነው። ለሴቶች ከ100 እስከ 120 መሀል አድርጊውና ማንሻውን እርሺው። እንዲህ ካደረግሽ የልጆችሽን ሰዓት ከሌላ አገር ልጆች ሰዓት ጋር ስታወዳድሪ መነሻሽ ትክክል ይሆናል።

ሁሉንም ጻፊ። ቀን፣ ማን መጣች፣ ምን ሠራች፣ ስንት አመጣች፣ እንዴት ተኝታ እንዳደረች፣ ምን እንዳመማት። ተራ ደብተር ይበቃል። ይህ ደብተር በኋላ ከዲግሪሽ እኩል ይናገርልሻል።

ጾምና ምግብ

እዚህ ላይ ረዘም ልበል፣ የጅማ ልጅ ከፈረንጅ አሰልጣኝ የምትበልጥበት ቦታ ስለሆነ።

ቡድንሽ ውስጥ ረመዳን የምትጾም፣ ዐቢይ ጾምን የምትጾም፣ የማትጾምም ትኖራለች። ሦስቱንም በአንድ ዕቅድ መንዳት አይቻልም። በረመዳን ከባዱን ልምምድ ከፍጥር በኋላ አድርጊው፤ ካልተቻለ ማፍጠሪያው ሲቃረብ ቀለል ያለ እንቅስቃሴና ቴክኒክ ብቻ ይሁን፣ እንዳበቃ ውሃና ምግብ እንድታገኝ። ያን ወር አዲስ የግል ምርጥ ሰዓት አትጠብቂ፣ ያላቸውን ማስጠበቅ ይበቃል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለምትጾም ኦርቶዶክስ ልጅ ደግሞ ልምምዱን ወደ ማታ ግፊው። ከጾሙም በላይ የሚያሳስበኝ ፕሮቲን ነው፤ ሽሮ ብቻ በልታ ክብደት የምታነሳ ልጅ ሰውነቷ በደንብ አያገግምም። ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ ለውዝ ይጨመርበት፣ መጠኑም ይብዛ።

ቀጥሎ ብረት። የወር አበባ የምታይ ስፖርተኛ የብረት እጥረት በቀላሉ ያገኛታል፤ ትደክማለች፣ ሰዓቷ ይረዝማል፣ አሰልጣኙ «ሰነፈች» ይላል። ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጡ ሰውነት ከእህልና ከጥራጥሬ የሚያገኘውን ብረት ይቀንሳሉ። ጅማ ላይ ቡና አትጠጡ ማለት አይታሰብም፣ እኔም አልልም። ከምግብ በኋላ አንድ ሁለት ሰዓት ይቆይ በያቸው፣ ምግቡ ላይ ደግሞ ቲማቲም ወይም ሎሚ ይኑር። ድካሙ ካልለቀቃት ወደ ሕክምና ላኪያት፣ ደሟ ይታይ። የወር አበባዋ ለወራት ከቆመ ደግሞ በቂ እየበላች ላይሆን ይችላልና ዝም ብለሽ አትለፊው። ይህን ያለ ሀፍረት የምትጠይቅ አሰልጣኝ ሁኚ።

ስለ ክብደት ስታወሪ ተጠንቀቂ። ሚዛን ላይ በሰው ፊት ማቆም፣ «ቀንሺ» ማለት፣ በሰውነቷ መቀለድ ልጅ ይሰብራል። አትሞክሪው።

ውሃውስ?

መጀመሪያ ራስሽ ዋኚ። ቀዘፋ ባለባቸው ኮሌጆች በአብዛኛው ቀዛፊዎች የዋና ፈተና አለባቸው፤ የማይዋኝ አሰልጣኝ ደግሞ የሰው ሕይወት ሊረከብ አይችልም። ገንዳ ፈልገሽ ተማሪ፣ የመጀመሪያ ሕክምና እርዳታም ሰልጥኚ።

የቦዬን ረግረግ ወይም የአዌቱን ወንዝ አይተሽ እንዳትጓጊ። ትልቁ ውሃ በአዲስ አበባ መንገድ ያለው የግልገል ጊቤ አንድ ግድብ ሐይቅ ነው። 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ማመንጫ ስለሆነ ያለ ፈቃድ የሚገባበት ቦታ አይደለም፣ ውሃውም እንደ ወቅቱ ከፍና ዝቅ ይላል። ፈቃድ ቢገኝ እንኳ የአካባቢውን ሰው ስለ ጉማሬ፣ ስለ ንፋሱ፣ ጭቃው የት እንደሚውጥ ጠይቂ። ወባና ቢልሃርዚያም አለ፣ ጤና ባለሙያ ሳታማክሪ ልጆች አታስገቢ። የደህንነት ልብስና አጃቢ የሞተር ጀልባ ከሌለ መልሱ አንድ ነው፣ አይገባም።

ወረቀቱና መንገዱ

ዲግሪሽን ጨርሺ። አሜሪካ ውስጥ የተለመደው መግቢያ ማስተርስ እየተማሩ ረዳት መሆን ነው፤ ዩኒቨርሲቲው የትምህርት ክፍያውን ሙሉ ወይም በከፊል ይችልና ትንሽ የኪስ ገንዘብ ይሰጣል። ከዚያ ረዳት አሰልጣኝ፣ ብዙ ጊዜ የጀማሪዎች ወይም የምልመላ ኃላፊ፣ ከዓመታት በኋላ ዋና አሰልጣኝ። የእንግሊዝኛ ፈተናውን ቀደም ብለሽ ተዘጋጂበት። መንጃ ፈቃድም አውጪ፤ ጀልባ የተጫነበት ተጎታች መንዳት የረዳቶች ሥራ ነው፣ ያለ መንጃ ፈቃድ የምታመለክት ሰው ብዙ በር ይዘጋባታል።

ዓለም አቀፉ የቀዘፋ ፌዴሬሽን፣ ወርልድ ሮዊንግ፣ በደረጃ የተከፋፈለ የአሰልጣኞች ትምህርት አለው፣ ድረ ገጹ ላይም በነጻ የሚነበብ ነገር ታገኛለሽ። የአሜሪካው ፌዴሬሽንም የራሱ ደረጃዎች አሉት። አሜሪካ ከራቀብሽ ደቡብ አፍሪካን አስቢ፤ ማስተርስ እየተማሩ ክለብ ውስጥ በበጎ ፈቃድ መሥራት ይቻላል፣ ጀልባ ላይ ሳትቀመጪ ደግሞ ማንም አሰልጣኝ አያደርግሽም። ቢያንስ አንድ ወቅት ራስሽ መቅዘፍ አለብሽ።

ለአሰልጣኞች ስትጽፊ አጭር አድርጊው። «የተከበሩ» እያልሽ ገጽ አትሙዪ። ማን እንደሆንሽ፣ ስንት ልጆች ለምን ያህል ጊዜ እንዳሰለጠንሽ፣ ስንቱ እንደጸኑ፣ ሰዓታቸው ከስንት ወደ ስንት እንደወረደ ንገሪያቸው። ደብተሩ የሚያስፈልግሽ አሁን ነው። አንዲት ልጅ ስታርሚ የሚያሳይ የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ አያይዢ፣ ልጅቷን አስፈቅደሽ። ብዙዎቹ አይመልሱልሽም፤ ከወር በኋላ አንዴ አስታውሺያቸው፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው እለፊ።

ቃለ መጠይቅ ላይ ከደረስሽ ሁለት ነገር በደንብ ተዘጋጂ። አንደኛው ቡድን እንዴት እንደምትመርጪ ነው። ማሽን ላይ ጠንካራ የሆነች ልጅ ጀልባ ውስጥ ላታፈጥን ትችላለች። ስለዚህ ሁለት ጀልባ ጎን ለጎን ያወዳድራሉ፣ ከዚያ አንዲት ቀዛፊ ከአንዱ ወደ ሌላው ይቀይሩና እንደገና ያወዳድራሉ፤ ልዩነቱ የማን እንደሆነ ይታያል። ለምን እንደተቀነሰች ለልጅቷ ፊት ለፊት እንዴት እንደምትነግሪያት ይጠይቁሻል። መልስሽ ከልብሽ ይሁን።

ሁለተኛው ሰዓት ነው። የኤንሲኤኤ ደንብ በውድድር ወቅት በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ ማሠራት ይከለክላል፣ አንድ ቀንም ዕረፍት ግድ ነው፤ ከወቅቱ ውጭ ደግሞ 8 ሰዓት ነው። የአንድ ሳምንት ዕቅድ በዚህ ልክ ጽፈሽ ይዘሽ ግቢ።

አንቺም ጠይቂያቸው። ቪዛውን ማን ይጨርሳል? የጤና መድን አለው ወይ? ባለፉት ዓመታት ስንት ረዳት ለቀቀ፣ ለምን? የሴቶቹ መቀየሪያ ክፍል የት ነው? እሱን ሂጂና በዓይንሽ እዪው።